ሦስት ወንድ ከመጋረጃ ወዲያ

ቴሌቪዥን የሚባለውን ዕቃ በዓይኔ ሳላይ፣ በቴሌቪዥን የሚታይ አንድ ጨዋታ ለባል ሊሰጠኝ ምንም አልቀረውም ነበር። ይህን ለልጅ ልጆቼ ስነግራቸው አያምኑኝም። "ያን ጊዜ ዲላ ቴሌቪዥን ነበረ እንዴ?" ይሉኛል። አልነበረም። ጃንሆይ ገና ዙፋናቸው ላይ ነበሩ፤ ዲላ የነበረው ሬዲዮ ነው፤ እሱም በየሱቁ ነበር፣ ዜና ሲደርስ ሰው በሩ ላይ ተኮልኩሎ ያዳምጣል። ጨዋታው የመጣልን በአንዲት ሴት አፍ ነው። ከአሜሪካ የመጣች የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን ናት።

"ሚስ" እንላት ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ ዝናብ መጣ አልመጣ ጃንጥላ የማትይዝ ሴት ነበረች። ዝናብ በማይጠፋበት አገር ጃንጥላ አለመያዟ ለእናቴ የእብደት ምልክት ነበር፤ እኔ ግን እወዳት ነበር። አሥረኛ ክፍል ነን። ሰዋስው ስታስተምረን እንደምናንቀላፋ ስለገባት፣ ዓርብ ዓርብ መጽሐፉን ዘግታ ስለ አገሯ ታወራናለች፤ እኛ ደግሞ በተሰባበረ እንግሊዝኛችን እንጠይቃታለን። አንድ ዓርብ ወሬው ወደ ጋብቻ ሄደ። የኛ ክፍል ወሬ ከየትም ቢነሣ ማረፊያው እዚያው ነበር። "በእናንተ አገር ሰው እንዴት ነው የሚጋባው?" አልናት። ሳቀችና ጠመኔ አንሥታ ሰሌዳው ላይ ወንበሮች ሣለች፤ ሦስቱን በአንድ ወገን፣ አንዱን ለብቻው በሌላ ወገን፣ በመካከል ግድግዳ።

"ይህ በቴሌቪዥን የሚታይ ጨዋታ ነው" አለችን። የተጀመረው እሷ ኮሌጅ ሳለች ነው። መጀመሪያ ቤት ለሚውሉ ሴቶች ተብሎ ቀን ቀን ይታይ ነበር፤ ሴቶቹ ልብስ እየተኮሱ ያዩታል። ኋላ ባሎቻቸውም ወደዱትና ወደ ማታ ተዛወረ። አጨዋወቱ እንዲህ ነው፤ ያላገባች ልጅ ብቻዋን ወንበሩ ላይ ትቀመጣለች፣ ከግድግዳው ወዲያ ያላገቡ ሦስት ወንዶች ይቀመጣሉ። ታዳሚው ሁሉንም ያያል፤ እሷ ብቻ አታያቸውም። ስማቸውን፣ ሥራቸውን፣ ሀብታቸውን መጠየቅ ክልክል ነው። ከዚያ ውጭ "ቁጥር አንድ፣ ቁጥር ሁለት" እያለች የፈለገችውን ትጠይቃለች፣ መልሳቸውን ትሰማለች፣ አንዱን ትመርጣለች። መጀመሪያ ያልተመረጡት ወጥተው ሰላም ይሏታል፤ ምን ዓይነት መልከ መልካም እንዳመለጣት ስታይ ታዳሚው ይስቅባታል። በመጨረሻ የመረጠችው ይመጣል። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ይገለበጥና ወንዱ ጠያቂ፣ ሴቶቹ ተጠያቂ ይሆናሉ። ሽልማቱ አብሮ ሽርሽር መሄድ ነው፣ ከአንዲት ጠባቂ ሴትዮ ጋር።

ጠባቂ ሴትዮ መኖሯን ስንሰማ እኛ ሴቶቹ እፎይ አልን። አሜሪካኖችም ለካ ሰው ናቸው።

ከኋላ የተቀመጠ አንድ ልጅ እጁን አወጣ። "ሚስ፣ ይሄማ የኛው ነው። ሴት አያቴ ወንድ አያቴን እስከ ሠርጉ ቀን አላየችውም።" ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሚስ ግን አልሳቀችም። "አያትህ ጥያቄ ጠይቃው ነበር?" አለችው። ልጁ ግራ ገባው። "ኧረ ሚስ፣ እሷን ማን ጠይቋት ነው እሷ የምትጠይቀው!" ሚስ ያን ብቻውን ያለውን ወንበር በጠመኔዋ ደጋግማ ከበበችው። እኔም ዓይኔን ከዚያ ወንበር መንቀል አቃተኝ። እዚያ መቀመጥ አማረኝ፤ እንደ ጥጋብ ሳይሆን እንደ ረሃብ ነው ያማረኝ።

ምክንያት ነበረኝ። በዚያ ዓመት ለመምህራን ማሠልጠኛ ተፈትኜ ውጤት እጠብቅ ነበር። አስተማሪ ከመሆን ሌላ የምፈልገው ነገር አልነበረኝም። አባቴ ልብስ ሰፊ ነው፤ ከሸዋ መጥቶ ዲላ ላይ የስፌት መኪናውን ተክሎ ከተማውን ሁሉ ያለበሰ ሰው ነው። ክፉ ሰው አይደለም። ግን ፈተናውን ካለፍኩ ምን እንደሚያደርግ ሲጠየቅ፣ "ከደህና ቤት ሽማግሌ ካልመጣ ትሄዳለች" ብሎ ነበር። ደህና ቤት ደግሞ ሞልቷል። አንዱ የቡና ነጋዴ ለልጁ እያፈላለገ መሆኑን እናቴ ገበያ ላይ ሰምታለች። ስለዚህ በዚያን ሰሞን የውሻ ጩኸት በሰማሁ ቁጥር ሽማግሌ የመጣ ይመስለኝና በበሩ ስንጥቅ አጮልቄ አይ ነበር።

ጨዋታውን ለወላጆች ቀን እናድርገው የሚል ሐሳብ መጣ። ዳይሬክተሩ እንግሊዝኛ ልምምድ ነው ሲባሉ ፈቀዱ። ጠያቂ ትሁን የተባለችው ሴት ሁሉ "ሰው ምን ይለኛል" እያለች ሸሸች። እኔ ምላሴ የማያርፍ ስለሆንኩ "እኔ አለሁ" አልኩ። ለአባቴ ቴአትር ነው አልኩት። "ጽሑፉ ጨዋ ነው?" አለኝ። "ጨዋ ነው" አልኩት። መጋረጃ የሚሆን ጨርቅ ከሱቁ ሰጠኝ።

አንድ ነገር ግን ሚስ አላወቀችም። በእሷ አገር ሰው ከግድግዳ ወዲያ ከተቀመጠ ተሰወረ ማለት ነው። በዲላ ግን ሰው አፉን ከከፈተ አለቀለት። ጌዴኦው አማርኛ ሲናገር ዜማው ይለያል፤ ጉራጌው፣ ሲዳማው፣ ኦሮሞው፣ ሁሉም በአንድ አማርኛ ውስጥ የየቤቱን ዜማ ይዞ ነው የሚገባው። በልምምዱ ላይ ቁጥር አንድ ገና ሳል ሲያደርግ "ይሄማ የባለ ወፍጮው ልጅ ነው" ብዬ አበላሸሁት። ተመካክረን መላ አገኘን፤ ወንዶቹ መልሳቸውን በሒሳብ አስተማሪያችን ጆሮ ያንሾካሹኩ፣ አስተማሪው ጮክ ብሎ ይንገረኝ አልን። የሒሳብ አስተማሪያችን ደግሞ የቀብር መርዶ የሚያነብ የሚመስል ድምፅ ነበረው። ፍቅር በእሱ አፍ ምን እንደሚመስል ገምቱ።

ቀኑ ደረሰ። አዳራሹ ጢም አለ። ፊት ለፊት ዳይሬክተሩ፣ የወረዳው ሹም፣ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች፣ አባቴና እናቴ። ከኮቸሬ በኩል ልጆቻቸውን ዲላ ቤት ተከራይተው የሚያስተምሩ ገበሬዎችም በቡና መኪና ላይ ተሳፍረው መጥተዋል። የክፍላችን አለቃ መድረክ ላይ ወጥቶ፣ ጨዋታው ከየት እንደመጣ፣ ቀልድ እንደሆነ፣ ማንም ማንንም እንደማያገባ ሁሉንም አብራርቶ ተናገረ። በእንግሊዝኛ። ሚስ ከሁሉ በላይ አጨበጨበች። ወላጆቻችንም ስላጨበጨበች አጨበጨቡ።

እኔ ላብ አጠመቀኝ፤ ደስታዬ ግን ወደር አልነበረውም። ጥያቄዎቹን ራሴ ነበርኩ ያዘጋጀሁት፣ እነሱ ደግሞ ሁሉም እንዲስቅ ተብሎ በአማርኛ ነበሩ።

"ወጡ ጨው ቢበዛበት ምን ትላለህ?"

ቁጥር አንድ፣ "እናቴ ዘንድ ሄዶ ትማር እላለሁ" አለ በሒሳብ አስተማሪው አፍ። ቁጥር ሁለት፣ "ለእሷ ስል ዝም ብዬ እበላለሁ።" ቁጥር ሦስት፣ "ውሃ ስጪኝ እላለሁ።"

"እኔ ብታመም ውሃ ማን ይቀዳል?"

ቁጥር አንድ እህት አለኝ አለ። ቁጥር ሁለት ሠራተኛ ይቀጥራል። የቁጥር ሦስትን ደግሞ አስተማሪው በዚያ የመርዶ ድምፁ፣ "እንስራው የት ነው?" አለ። አዳራሹ ውስጥ ያሉት ሴቶች እልል አሉ። እናቴም እልል ካሉት መካከል ነበረች፤ ድምፅዋን ለይቼዋለሁ።

የመጨረሻዋን ጥያቄ የጠየቅኩት ለጨዋታ ብቻ አልነበረም። "አስተማሪ ሆኜ መኪና የማይደርስበት ገጠር ብመደብስ?" ቁጥር አንድ፣ ያገባች ሴት ሥራዋ ቤቷ ነው አለ። ቁጥር ሁለት አባቱን ይጠይቃል። ቁጥር ሦስት፣ "በእግር ስንት ሰዓት ያስኬዳል?" አለ።

"ቁጥር ሦስትን መርጫለሁ!" ብዬ ጮህኩ።

ከመጋረጃው ወዲያ የወጣው ከኮቸሬ የመጣ፣ በክፍል ውስጥ ከአንገቱ ቀና የማይል ዓይን አፋር ልጅ ነበር። አንድም ቀን አናግሬው አላውቅም። በድምፁ ቢመልስ ኖሮ ጌዴኦነቱን ለይቼ፣ ለይቼም ዓይን አፋርነቱን አስታውሼ አልመርጠውም ነበር። ጨብጦኝ መሬት መሬት አየ። ሽልማታችን ሻይ ቤት ሄዶ ሻይ በብስኩት መጠጣት ሲሆን፣ ጠባቂ እንድትሆን የተመደበችው የስፖርት አስተማሪው ባለቤት ናት፤ ክፍሉ በሙሉ ስለተከተለን ግን እሷ መቀመጫ አጥታ ቆማ ጠጣች።

እኔ በዚህ ያበቃ መስሎኝ ነበር። ከተማው ግን ገና መጀመሩ ነው። ሰኞ ገበያ ላይ "የልብስ ሰፊው ልጅ ባሏን በአዳራሽ መረጠች" ይባላል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ አባቴ የሰማው ከሁሉ በኋላ፣ የአንዱን ደንበኛ ወገብ እየለካ ሳለ ነው። ደንበኛው "እንኳን ደስ ያለህ" ሲለው ሜትሩ ከእጁ ወደቀ።

በሚቀጥለው እሑድ፣ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ከተመለሰ በኋላ፣ የቁጥር ሦስት አባት ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር በራችን ላይ ቆሙ። ጥቁር ኮት ለብሰዋል፣ እጃቸው ላይ በእንሰት ቅጠል የተሸፈነ የማር ቅል አለ። እናቴ ጠላ ቀዳች። ፕሮቴስታንት ስለሆኑ አንነካም አሉ። እናቴ ደንግጣ ጓዳ ሮጠችና ከመጣው ማር ራሱ ብርዝ በጥብጣ አቀረበች። እኔ የሳሎኑና የጓዳው መለያ ከሆነው መጋረጃ ኋላ ቆሜያለሁ። ያገራችን ደንብ ነው፤ ሽማግሌ ሲመጣ ልጅቷ እዚያ ቆማ ዕጣዋን ትሰማለች።

የልጁ አባት አማርኛቸው ለሴትም ለወንድም አንድ ነው፤ ነገራቸው ግን የጠራ ነበር። "እኛ ቸኩለን አይደለም የመጣነው" አሉ ለአባቴ። "ልጅህ በዳይሬክተር ፊት፣ በሹም ፊት ልጄን መርጧል። ሕዝቡ አጨብጭቧል። አንተም አጨብጭበሃል፣ አይቻለሁ። እኔ ዝም ብዬ ቤቴ ብቀመጥ ሰው ምን ይላል? ልጅቷ መረጠ፣ አባቱ ናቀ ይላል። ያንተን ቤት ላዋርድ አልፈልግም።"

"ወንድሜ፣ ጨዋታ እኮ ነበር" አለ አባቴ።

"ጨዋታ?" አሉ ሰውዬው። ተቆጥተው አይደለም፤ በእውነት ሊገባቸው ፈልገው ነው። "ሴት ልጅ በሰው ፊት ባል መምረጥ እንዴት ጨዋታ ይሆናል?"

ለዚህ ጥያቄ እኔም እስከ ዛሬ መልስ የለኝም። ያን ሁሉ መንገድ የመጡት እኛን ከሐሜት ለማዳን ነው። አባቴ እምቢ ቢል ክብራችንን ሊጠብቅ የመጣን ሰው ማባረር ነው። እሺ ቢል ማሠልጠኛዬ ቀረ። አባቴ ዝም አለ። መቀስ ከማንሣቱ በፊትም እንዲህ ነው ዝም የሚለው፤ ከቆረጠ በኋላ መመለስ የለማ። ያቺን ዝምታ ስለማውቃት ዓይኔ እንባ ሞላ። ሊቆርጠኝ ነው አልኩ።

በዚህ መካከል አጠገቤ የቆመችው እናቴ ጉሮሮዋን ጠረገች። ከጓዳ ድምፅ አይወጣም፤ ይልቁንም ሽማግሌ ባለበት። እናቴ ግን ከመጋረጃው ኋላ ሆና፣ "ጠይቃ ነው የመረጠችው" አለች። "እዚያ ጠይቃ እንደመረጠች፣ እዚህም ሳትጠይቅ አትሰጥም።"

አንዱ ሽማግሌ "ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ" ብሎ አጉተመተመ። የልጁ አባት እጃቸውን አነሡበት። "እውነት ነው። ሲጠይቅ አይቻለሁ። ይጠይቅ" አሉ፣ ስለ እኔ ነው።

በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት ያልተያዘ ምላሴ አሁን ደረቀ። እናቴ ክንዴን ቆነጠጠችኝ። "አባባ፣" አልኩ መጋረጃውን ጨብጬ፣ "ልጅዎን ጠይቀውታል?"

"ልጄ ዓይን አፋር ነው።"

"ይሁን። ግን ጠይቀውታል?"

ብርዙን አስቀመጡ። "አልጠየቅኩትም" አሉ። ሌላ ሰው ቢሆን ይቆጣ ነበር፤ እሳቸው እውነቱን ተናገሩ። ለዚህ እስከ ዛሬ አከብራቸዋለሁ።

"እንግዲያው ይምጣና ሁለታችንንም ጠይቁን።"

በሳምንቱ ልጁን ይዘውት መጡ። የወንበሩ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ጉልበቱን ያሻል። አባትየው በጌዴኦኛ ረጅም ነገር ጠየቁት፤ እሱ አጭር መለሰ። ደግመው ጠየቁት፤ ያንኑ መለሰ። አባትየው ወደ አባቴ ዞሩ። "ድሬሰር ልሁን ይላል። በሽተኛ ላክም ይላል። ልጅቷ…" አሉና ወደ ልጃቸው አይተው፣ "ልጅቷ ጥሩ ነው ይላል። ግን ድሬሰር።" ሽማግሌዎቹ ሣቁ። እኔ ከመጋረጃው ኋላ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ትንሽ ከፋኝ። የማልፈልገው ሰው እንኳ ቢሆን እንዲህ በቀላሉ አይለፈኝ!

ከዚያ አባቴ ጠራኝ። መጋረጃውን ገልጬ እንድወጣ አደረገኝ። "አንቺስ ምንድን ነው የምትፈልጊው?" አለኝ። ያውቀዋል፤ ነገር ግን በዕድሜዬ ጠይቆኝ አያውቅም ነበር። "ማስተማር" አልኩ። ሌላ ቃል አልመጣልኝም። አባቴ ራሱን ነቀነቀና ለሽማግሌዎቹ፣ "ሰምታችኋል። ከዛሬ ጀምሮ ማንም ቢመጣ እሷ ሳትጠየቅ ከዚህ ቤት መልስ አይወጣም" አለ። በሽማግሌ ፊት የተነገረ ቃል አይታጠፍም፤ የቡና ነጋዴው ወሬም በዚያው ሞተ። የልጁ አባት ተነሥተው "ማንም ቤት አልተዋረደም" አሉና በጌዴኦኛ መረቁን። ቃሉ ባይገባኝም አሜን አልኩ፤ ከሁሉም በላይ ጮክ ብዬ።

ልጁ ድሬሰር ሆነ። ተገናኝተን በተላለፍን ቁጥር "ቁጥር ሦስት" እለዋለሁ፤ እሱም አሁንም መሬት መሬት ያያል። እኔም ተማርኩ፣ አስተማርኩ፣ መጀመሪያ የተመደብኩትም እዚያው እሱ አገር፣ ኮቸሬ ውስጥ ጨለለቅቱ ነበር። ኋላ ሌላ ሰው አገባሁ፤ ሦስት ጥያቄ ብቻ ሳይሆን አንድ ዓመት ሙሉ ስጠይቅ ኖሬ ነው ያገባሁት። እስከ ዛሬ ተስማምተን አለን።

ከሁሉ በላይ የማስታውሰው ግን እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ያለውን ነው። አባቴ ደክሞት መኪናው አጠገብ ተቀምጧል። እናቴ ብርጭቆዎቹን ትሰበስባለች። እኔ ደስታዬ አላስቀምጥ ብሎኝ እሷን እከተላለሁ። "እማዬ፣ ያኔ ላንቺ ሽማግሌ ሲመጣ ቢጠይቁሽ ኖሮ ምን ትያቸው ነበር?" አልኳት። እናቴ ወደ አባቴ ቤት የገባችው ከእኔ በጣም አንሳ ሳለች ነው፤ ይህንን ሁላችንም እናውቃለን፣ የምናወራው ነገር ግን አልነበረም።

"እኔ እንጃ" አለች፣ ብርጭቆ እያነሣች። "ማንም ጠይቆኝ አያውቅ።"

አላማረረችም። ውሃው ሞልቷል እንደሚባለው ነው የተናገረችው። አባቴ ግን ሰማ። ቀና ብሎ አያት። ከዚያ ከወንበሩ ተነሣ፣ ኮቱ ላይ ያለውን ክር አራገፈ፣ ሽማግሌ ፊት የቆመ ይመስል እጁን ወደ ፊት አጣመረ።

"እንግዲያው አሁን ልጠይቅሽ" አለ። "ታገቢኛለሽ?"

እናቴ ብርጭቆዎቹን በትሪ እንደያዘች ቆመች። ፊቷ መጀመሪያ ቀላ፣ ከዚያ በዕድሜዬ አይቼው የማላውቀው ነገር ሆነ። አባቴ ይጠብቃል። እኔም እጠብቃለሁ። መልሱ የሚታወቅ ነበር፤ ልጆች ወልደው፣ ቤት ሠርተው፣ ይህን ያህል ዘመን ኖረው። እሷ ግን ቸኩላ አልመለሰችም።

"እስቲ ላስብበት" አለችና ጓዳ ገባች።